ለነጋሪ ያልተነገረው

ሰኞ ሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ የበረሃ በር ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ግቢው ይተኛል። መተኛት ስል ማሸለብ አይደለም፤ የምር መተኛት ነው። ፕሮፌሰሩ ወንበሩ ላይ፣ ተማሪው አልጋው ላይ፣ አትክልተኛው ኒም ዛፍ ሥር፣ ዘበኛው እንኳ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ይተኛል። አገሩ ቆላ ነው፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ከሰው ጋር ጠብ አላት። ከሕንፃ ሕንፃ የተወጠሩት ሰፋፊ የጥላ ሸራዎች ፀሐይዋን እየተከተሉ በዝግታ ይንሳፈፋሉ። ጥላቸው በተኙት ሰዎች ላይ ያልፋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ያልፋል። ከዚያ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

የኪነ ጥበብ ማስታወቂያው የሚመጣው በዚህ እንቅልፍ መካከል ነው።

ድሮ ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር አሉ። በረሃ በር ግን ግድግዳ የሚያነብ ሰው ከጠፋ ቆየ፤ ስለዚህ በህልም ይነገራል። እያንዳንዱ ሰው ከጆሮው ጀርባ ምስር የምታክል ነገር ለጥፏል፤ "ፍሬ" ይሏታል። ሰኞ ቀትር ላይ ፍሬዋ የሳምንቱን ዝግጅት አንድ በአንድ በህልም ታሳያለች። የአሻንጉሊት ቲያትር ካለ አሻንጉሊቶቹ ትከሻህ ላይ ወጥተው ይንጫጫሉ። የሸክላ ሥራ ሥልጠና ካለ እርጥብ ጭቃ በጣቶችህ መካከል ሲሾልክ ይሰማሃል። ስትነቃ "ቅዳሜን ያዙልኝ" ብለህ ማጉረምረም ነው፤ በቃ፣ ተመዘገብክ።

ይህን ህልም ለሁለት ሺህ ሰው የሚያድለው ማሽን ነጋሪ ይባላል። የጥላ ሸራዎቹን የሚነዳው፣ በሮቹን የሚከፍተው፣ የጠፋ ተማሪ የሚፈልገውም እሱ ነው። ህልሙን እየቀመመች የምትሰጠው ግን ደብሪቱ ናት። ደብሪቱ የኪነት ማዕከሉ የፕሮግራም ኃላፊ ስትሆን ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት፣ ምላሷ ፈጣን፣ ሆዷ ቡቡ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰኞ ቀትር ላይ ተኝታ አታውቅም። ድግስ የሚያበስል ሰው መቼ ተቀምጦ ይበላል!

አንድ አመል አለባት። እንግዳ ስትጋብዝ መጀመሪያ ማስታወቂያውን ታስነግራለች፣ ከዚያ በኋላ ነው እንግዳውን የምትጠይቀው። "ስሙ አንዴ በሰው ፊት ከተጠራ አፍሮ ይመጣል" ትላለች። እውነቷን ነው፤ ይመጣሉ። አንድ ጊዜ በእግሩ ስብራት የተኛ ሰዓሊ ሦስት መቶ ሰው ህልም ውስጥ መግባቱን ሲሰማ በምርኩዝ እያነከሰ መጥቷል።

ያን ሰኞ የሰጠችው ሦስት ዝግጅት ብቻ ነበር። ማክሰኞ የአሻንጉሊት ቲያትር፣ ረቡዕ የውዝዋዜ ልምምድ፣ ቅዳሜ የሸክላ ሥራ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢው እየተንጠራራ ሲነቃ፣ ደብሪቱ የምዝገባውን ሰሌዳ አየች። ማክሰኞ አርባ አንድ ሰው። ረቡዕ ሃያ ስድስት። ቅዳሜ ሠላሳ። ሐሙስ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።

"የምን ሐሙስ?" አለች ለራሷ።

ሐሙስ ምንም አልነበረም።

በዚህ መሀል ፈቲያ ዓይኗን እያሻሸች ገባች። ፈቲያ የነጋሪ ጠጋኝ ናት፤ ማሽኑ ሲያስነጥሰው የምትሮጠው እሷ ነች። እዚህ ግቢ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው።

"አቦ፣ ዛሬስ እጅሽ ይባረክ!" አለች። "የሐሙሱ ሰውዬ ማነው? እንዴት ያለ ሳቅ ነው ያለው? ወላሂ፣ ከእንቅልፌ ስነቃ እኔም እየሳቅኩ ነበር።"

"የቱ ሰውዬ?"

"ከአፈር ቀለም የሚሠራው ነዋ! ሐሙስ በአሥር ሰዓት፣ ኒሙ ሥር። የፊት ጥርሱ ፍንጭት፣ የሣር ባርኔጣ ያደረገ። አውራ ጣቱ ቀይ የሆነ፤ ታጥቦ የማይለቅ ዓይነት። አፈሩን በወንፊት እየነፋ 'ቀለም የሚገዛ ሰው አገሩን አያውቅም' ይላል።"

ደብሪቱ ክው ብላ ቀረች። ያገኘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"ምነው? ምን ሆንሽ?" አለች ፈቲያ ደንግጣ።

"ጋሼ ነው" አለች ደብሪቱ። "ታላቅ ወንድሜ። አውግቸው።"

"ታዲያ እሰየው! የሚያስደነግጥ ምን አለው?"

ደብሪቱ ተነሥታ ወጣች።

ነጋሪ የሚኖረው ቤተ መጻሕፍቱ ሥር ባለ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ነው። ግድግዳው ሁሉ ውሃ የተሞላ የመስታወት ቱቦ ሲሆን፣ በውሃው ውስጥ ትናንሽ ብርሃኖች ይዋኛሉ። ሰው ሲገባ ብርሃኖቹ ወደዚያ ሰው ይሰበሰባሉ። ደብሪቱ ስትገባ ደግሞ ከሌላው ሰው ይልቅ ፈጥነው ይመጣሉ እየተባለ ትታማለች።

"እትዬ ደብሪቱ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት!" አለ ነጋሪ፤ ድምፁ የወንድም የሴትም አይደለም። "እንዲህ ያለ ቁጥር ካየን ስንት ዓመታችን?"

"ነጋሪ፣ የሐሙሱን ማን ሰጠህ?"

"አንቺ ነሻ። መዝገቡ ላይ የጻፍሽውን ላንብብልሽ? 'የአፈር ቀለም ሥልጠና ተራዝሟል፤ ጋሽ አውግቸው ሲመለስ ይቀጥላል።' ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። ተማሪዎች ሲጠይቁኝ 'ሲመለሱ' እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አሰብኩት። አንቺ እንግዳ እስኪመጣ ጠብቀሽ አስነግረሽ አታውቂም። አስነግረሽ ነው የምታመጪው። እኔም ስማቸውን ብጠራ ይመጣሉ ብዬ ነው። አጠፋሁ?"

ደብሪቱ አፏን ከፈተች። ብርሃኖቹ ፊት ለፊቷ ተሰብስበው መልስ ይጠብቃሉ።

"አላጠፋህም" አለችና ወጣች።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አውግቸው የሞተው ከሁለት ዓመት ከሦስት ወር በፊት ነው። ያን ጊዜ ደብሪቱ ለሥልጠና ጅማ ሄዳ ነበር። በወጉ መሠረት መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን ሆኖ አይረዳም። ስለዚህ ደበቋት። ስትደውል "ጋሼ ትንሽ አሞታል፣ ስልኩም ተበላሽቷል" አሏት። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እሷ ጅማ ላይ ስትስቅ፣ ስትበላ፣ እንዲያውም አንድ ቀን ስትጨፍር፣ እዚህ ቀብሩም ሠልስቱም አልፎ ነበር። ስትመለስ ጎረቤቱ፣ ዘመድ አዝማዱ፣ የሥራ ባልደረባው በማለዳ ተሰብስቦ አረዳት። ደብሪቱ መጀመሪያ የጠየቀችው "እንዴት ሞተ?" ብላ አይደለም። "ለምን ደበቃችሁኝ?" ነው ያለችው። ያቺ አሥራ አንድ ቀን እስከ ዛሬ ሆዷ ውስጥ አለች።

ወደ ሥራ በተመለሰች ቀን የፕሮግራሙ መዝገብ "የአሠልጣኙ ሁኔታ?" ብሎ ጠየቃት። ጣቷ እምቢ አለ። "ተራዝሟል" ብላ ጻፈች። የሥራ ባልደረቦቿ አዩት። ግን ማን ደፍሮ "ይህማ ስህተት ነው" ይበላት? ዛሬ ነገ እያሉ፣ ሆድ ይፍጀው ብለው ተዉት። ሁሉን ለሁሉ የሚናገረው ነጋሪ፣ አውግቸውን ከሚያውቁት መካከል ሞቱን ያልተረዳ ብቸኛው ነፍስ ሆኖ ቀረ። ነፍስ ካለው ማለቴ ነው።

በማግስቱ ዲኑ ዶክተር ሚልኪያስ አስጠሯት። ደግ ሰው ናቸው፤ ክፉ ነገር ሲናገሩ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። አሁንም አወለቁ።

"ደብሪቱ፣ ቀብሩ ላይ ነበርኩ እኮ" አሉ። "ሰኞ በህልሜ ሳየው ምን እንደሆንኩ አልነግርሽም። ግን ደንብ አለ። የሙታን ገጽና ድምፅ በህልም አይታደልም። ለምን እንደተደነገገ ታውቂዋለሽ።"

ታውቀዋለች። ፍሬ የተፈለሰፈ ሰሞን ሙታናቸውን በህልም የሚያዩ ሰዎች መንቃት እምቢ ብለው ነበር። እናታቸው ጋ፣ ልጃቸው ጋ ለመቆየት ብለው ቀን ከሌት የሚተኙ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው መሞቱ መዝገብ ላይ ሲገባ፣ የህልሙ ማሽን በአንድ ሰዓት ውስጥ የዚያን ሰው መልክና ድምፅ፣ ከእሱ ጋር የዋለውን ውሎ ሁሉ ከራሱ ላይ ያጥባል። ነጋሪ አውግቸውን ያላጠበው ስላልተነገረው ብቻ ነው።

"እስከ ሐሙስ ድረስ መዝገቡ ይስተካከል" አሉ ዶክተር ሚልኪያስ። "እኔ ማድረግ እችል ነበር። ግን የአንቺ ነው ብዬ ተውኩት።"

ፈቲያ ስትሰማ ነገሩን ልታቀልላት ሞከረች። "አንድ ቃል ነው፣ አንድ ቁልፍ። ተኝቶ እንዳለ እጽፍለታለሁ። ሲነቃ ምንም አያውቅም። አውግቸው የሚባል ሰው እንደነበረም አያስታውስም። አይሰማውም፣ ወላሂ።"

"መርዶ እኮ ነው፣ ፈቲያ!" አለች ደብሪቱ ቱግ ብላ። "መርዶ በቁልፍ ይነገራል? ስድስት ዓመት አብሮት ሠርቷል። ቀለም የሚባለውን ነገር ያስተማረው ጋሼ ነው! ሰው ሁሉ በህልሙ የሚያየው ቀይ ከየት የመጣ ይመስልሻል?"

"እሺ፣ እሺ። አትቆጪ።"

ግን እውነቱን እንነጋገርና፣ የደብሪቱ ጭንቅ የነጋሪ መርዶ ብቻ አልነበረም። አውግቸው በሕይወት ያለበት አንድ ቦታ ቀርቷታል፤ እሱም ያ ምድር ቤት ነው። ቃሉን ከተናገረች ያም ይዘጋል። ካልተናገረች ደግሞ ሐሙስ ሦስት መቶ ሰው የማይመጣ ሰው ሊጠብቅ ኒሙ ሥር ይቆማል፤ ነጋሪም በየሰኞው እየጠራ ይኖራል። ማክሰኞን ሙሉ የአሻንጉሊት ቲያትሩን ወንበር ስትደረድር ዋለች፤ የደረደረችውን መልሳ ስታነሣ ያዩዋት አሉ።

ረቡዕ ቀትር ላይ አድርጋ የማታውቀውን አደረገች። ቢሮዋን ዘጋች፣ ነጠላዋን ጠቅልላ ተንተራሰች፣ ፍሬዋን ከጆሮዋ ጀርባ ለጠፈች።

"ነጋሪ፣ የሐሙሱን አሳየኝ" አለች።

"ተኚ" አላት።

ተኛች። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ ዝናብ የነካው ደረቅ አፈር። ቀጥሎ ብርሃኑ። ከዚያ ኒሙ፤ ቅጠሉ አንድ በአንድ፣ የቅጠሉ ጥላ አንድ በአንድ። ከሥሩ ጋሼ ተቀምጧል። እግሩን አጣጥፎ፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ከፊቱ ሰባት ቆርቆሮ አፈር ደርድሮ። ቢጫው ከገደሉ፣ ነጩ ከኖራው ጉድጓድ፣ ቀዩ ከወንዙ ዳር። ሮጣ ከፊቱ ተንበረከከች። ጉንጩ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር አለች። ላቡ አለ። ሁሉም አለ።

"ጋሼ" አለችው።

ቀና ብሎ ሳቀ። ያው ሳቁ ነው።

"ጋሼ፣ አሞህ ነበር? በጣም አሞህ ነበር? እኔን ጠራኸኝ?"

"ቀዩን አፈር በእጅ እንጂ በማንኪያ አትንኩት" አላት። "በእጅ ሲሆን ሻካራው ከልዝቡ ይለያል።"

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ። ደብሪቱ።"

"እንቁላሉን አስኳሉን ብቻ። ነጩን ለቁርስ አስቀሩት" አለ፤ ራሱ ባወራው ራሱ ሳቀ። ዓይኑ በትከሻዋ በኩል አልፎ፣ ከኋላዋ ሠልጣኞች የተቀመጡ ይመስል ባዶውን ሜዳ ያይ ነበር።

ደብሪቱ እዚያው ቁጭ ብላ ሥልጠናውን እስከ መጨረሻው ሰማች። አፈር መንፋቱን፣ መፍጨቱን፣ በአስኳል መለወሱን። ስትነቃ ትራስ ያደረገችው ነጠላ ርሷል። ግቢው ጭር ብሏል፤ የሸራው ጥላ በመስኮቱ ላይ እያለፈ ነበር።

"አየሻቸው?" አለ ነጋሪ።

"አየሁት።"

"ደህና ናቸው?"

ደብሪቱ የረጠበውን ነጠላዋን አጣጠፈች። "ነገ እንነጋገራለን፣ ነጋሪ" አለች።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ፈቲያ ሄደች። "ነገ ነው የማረዳው" አለቻት። "በወጉ። ሰው ባለበት፣ ዘመድ ተሰብስቦ።"

"የማሽን ዘመድ ከየት ይመጣል?"

"ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተመዝግቦ የለ?"

ፈቲያ ልትስቅ ብላ የደብሪቱን ፊት ስታይ ተወችው። "እኔም አለሁ" አለች። "ሲያመው የማድርለት እኔ አይደለሁ? ከቤተሰብ ቁጠሪኝ።"

ሐሙስ አሥር ሰዓት ሲሆን ኒሙ ሥር የነበረው ሰው ስምንት ነው። ቀጠሮ ማክበርን በተመለከተ የሰው ልጅ ምንም ቢራቀቅ የበረሃ በር ሰው ያው ነው። አሥር ተኩል ሲሆን ግን ሜዳው ጢም አለ። ተመዝግቦም ሳይመዘገብም የመጣ ነበር። ዶክተር ሚልኪያስ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው መጡ፤ በዚያ ሙቀት! የድሮዎቹ የሥራ ባልደረቦች ደብሪቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መልበሷን ሲያዩ የየራሳቸውን አዘቀዘቁ። አዲሶቹ ተማሪዎች ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ።

ፈቲያ የነጋሪን ጆሮና ድምፅ ኒሙ ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘችና ከደብሪቱ ጎን ቆመች፤ ክንዷን ያዘቻት።

"ነጋሪ፣ ትሰማኛለህ?" አለች ደብሪቱ።

"እሰማለሁ፣ እትዬ ደብሪቱ። ሦስት መቶ አርባ ሰው ቆጠርኩ። ጋሽ አውግቸው ግን ዘገዩ።"

"አይመጣም።"

"ላራዝመው?"

"አይራዘምም" አለች። "ነጋሪ፣ ጠና በል። ጋሼ ሞቷል።"

ከላያቸው ይንሳፈፉ የነበሩት የጥላ ሸራዎች ቀጥ ብለው ቆሙ። በግቢው ዘመን ቆመው አያውቁም። ፀሐይዋ በመሀላቸው ገብታ ሰዉ ላይ ወረደች። ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

"መቼ?" አለ ነጋሪ።

"ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነው።"

"መቶ አሥራ ሰባት ሰኞ" አለ። "መቶ አሥራ ሰባት ሰኞ አብረን ሠርተናል። አንድም ቀን አልነገርሽኝም።"

"አልነገርኩህም።"

"ለምን ደበቅሽኝ?"

ሰው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የታወቀ መልስ አለው። ደብሪቱም "ብቻህን እንዳትሰማው ብዬ ነው" ልትል አፏን ከፈተች። ለእሷም ያኔ ያሏት ይህንኑ ነበር። ግን አልወጣላትም።

"ለአንተ ብዬ አይደለም" አለች ጮክ ብላ። "ለራሴ ብዬ ነው። በዚህ ዓለም ላይ መሞቱን የማያውቅ አንድ እንዲኖር ፈለግኩ። 'ሲመለሱ' ስትል መስማት ፈለግኩ። አንተ ዘንድ አልሞተም ነበር።"

ይህን ስትል ያ አሥራ አንድ ቀን ትዝ አላት። ጅማ ላይ ስትስቅ በስልክ ይሰሟት የነበሩት ሰዎች፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው "ትንሽ ነው ያመመው" ሲሏት ድምፃቸው ለምን ያን ያህል ይለሰልስ እንደነበር። እነሱም ሳቋ እንዲቆይላቸው ፈልገው ኖሯል። ሁለት ዓመት የያዘችው ቂም እዚያው በቆመችበት ለቀቃት፤ ለቅሶው በቦታው ገባ። ደብሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አምርራ፣ ከሆዷ አለቀሰች። "ወይኔ ወንድሜ! ወይኔ ጋሼ!" አለች። ፈቲያ አቀፈቻት። ዶክተር ሚልኪያስ መነጽራቸውን አወለቁ፤ የዛሬው ለእንባ ነው። በሕይወት ዘመናቸው አውግቸውን አይተው የማያውቁ ተማሪዎች፣ አንድ ቀትር በህልማቸው ብቻ ያዩት፣ እነሱም አለቀሱ።

"እትዬ ደብሪቱ" አለ ነጋሪ ቆይቶ። "አሁን ምን ይደረጋል?"

"አሁን ይለቀሳል።"

"እኔ ማልቀስ አልችልም።"

"ታዲያ ጥላውን ያዝልን። ለቅሶ ቤት ድንኳን የሚተክልም ሰው ያስፈልጋል።"

ሸራዎቹ ቀስ ብለው ተነቃነቁ፤ ተጠጋግተው በሰዉ ላይ አንድ ትልቅ ጥላ ሆኑ።

"መዝገቡ ላይ አስገባሁት፤ አንድ ሰዓት አለኝ" አለ ነጋሪ። "ደንቡን አውቀዋለሁ። ከዚያ በኋላ አላስታውሳቸውም። እስከዚያው አብሬያችሁ ልቀመጥ።"

ተቀመጡ። ለቅሶው በረድ ሲል አንዲት ተማሪ "አፈሩ ግን የት አለ?" ብላ ጠየቀች። አውግቸው የተዋቸው ቆርቆሮዎች መጋዘን ውስጥ ነበሩና አመጧቸው። ማንም "እንዲህ አድርጉ" አላለም። ወንፊት የያዘ ነፋ፣ ድንጋይ ያገኘ ፈጨ፣ ከመመገቢያ አዳራሹ እንቁላል ያመጣ አስኳሉን ለየ። ሰኞ በህልማቸው ተምረውት ነበር። እጃቸው ያውቀዋል። ነጋሪ አንዳንዴ "እንዲህ ነበር የሚሉት፤ ቀስ በሉ" ይላል፤ አንዳንዴ ዝም ይላል። እየቆየ ዝምታው በዛ።

አንድ ሰዓቱ ሲሞላ ምንም አልተሰማም። ሸራዎቹም አልቆሙም። ፈቲያ ብቻ ሰዓቷን አይታ አንገቷን ደፋች።

"እትዬ ደብሪቱ" አለ ነጋሪ፤ እንደ ወትሮው ንቁ ድምፅ ነው። "ብዙ ሰው ተሰብስቧል፤ በፕሮግራሙ ላይ ግን የለኝም። ነጠላችሁም ተዘቅዝቋል። ማን ሞቶ ነው?"

ሁሉም ደብሪቱን አየ። ቅድም አብሯቸው ያዘነ፣ አሁን እንደ መንገደኛ ቆሞ ይጠይቃል። ደብሪቱም ለአፍታ ቀናችበት፤ ሐዘን በአንድ ሰዓት የሚለቀው ፍጡር! ደግሞ "ማንም አልሞተም፣ ሥልጠና ነው" ብትል ያምናታል። እንደገና መደበቅ ትችላለች። ያለ ምንም መዝገብ፣ በአንድ ቃል።

"ወንድሜ ነው" አለች። "አውግቸው ይባላል። ቀለም ሠሪ ነበር።"

"ነፍስ ይማር። አላውቃቸውም።"

"ታውቀው ነበር። ተረስቶህ ነው።"

"እንግዲያው ንገሪኝ" አለ ነጋሪ። "መልካቸውንና ድምፃቸውን መያዝ አልችልም፤ ደንብ ነው። የሚነገረኝን ወሬ ግን የሚከለክለኝ ደንብ የለም። ደግ ሰው ነበሩ?"

ሰውም ሙታኑን የሚያውቀው እንዲሁ በወሬ ነው፤ ከዚያ የበለጠ ለማንም አልተሰጠም። ደብሪቱ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

"ደግ?" አለች። "ኧረ ወዲያ! ጨቅጫቃ ነበር!"

ሰዉ በእንባው መሀል ሳቀ። እሷም ሳቀች።

"ጠዋት ሲነሣ ጀምሮ ይጨቀጭቀኝ ነበር" ብላ ቀጠለች፤ ሦስት መቶ አርባ ሰውና አንድ ማሽን ጠጋ ብለው አዳመጧት።